ወደ ግራ የዞሩ ዛጎሎች

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሰው ለምሳ ይወጣል፤ እሱ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ስቦ እንቅልፍን ይለማመጣል፤ እንቅልፍ ግን የት አባቱ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈጥ ያደረ ዓይን ቀን ሲከድኑት ያርፋል የሚል ሰው ሌሊት ሠርቶ አያውቅም፤ ከዓይኑ ቆብ በስተጀርባ ሥራው ይቀጥላል፤ ጭቃ፣ ጠጠር፣ ሁለት ቀያይ ነጥቦች፣ እንደገና ጭቃ፣ እንደገና ጠጠር፣ ድንጋይ ላይ የቆመ ላባ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ ዛጎል፣ ዛጎል፣ ዛጎል። መስኮቱ ላይ በሚስማር የወጠረው አንሶላ ፀሐዩን አያስጥልም፤ ክፍሏ ሻይ ውስጥ እንደተነከረች ቡናማ ሆናለች። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ለቆታል፤ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ስልኩ ከትራሱ ሥር ነው። ንጋት ላይ ወደ ቤት ሲገባ እደውላለሁ ብሎ ነበር፤ ፊቴን ልታጠብና እደውላለሁ፣ ሻይ ልቅመስና እደውላለሁ፣ አንድ ሰዓት ጋደም ልበልና እደውላለሁ፤ ይኸው ስድስት ሰዓት። ካልደወለ ነገሩ ገና ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ይነዘንዛል እንጂ አይገድልም። ከደወለ ግን እህቱ አንድ ነገር ትመልስለታለች፤ ያን የምትመልስለትን ይዞ እንዴት ነው በዚህ አልጋ ላይ የሚጋደመው?

ቤተሰቡ ዓይናማው ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የአሮጌ ጫማ ነጋዴዎች ናቸው፤ ስምንተኛ ክፍልን ጥሎ እነሱ ዘንድ ሲውል፣ ቆዳ የሚመስለውን ፕላስቲክ ከቆዳው ሳይነካ፣ ሳያሸት፣ ከሩቅ ይለይ ነበርና፤ ጭቅጭቅ ሲነሳ «ዓይናማውን ጥሩት» ይላሉ፤ ይመጣል፣ አንዴ ያያል፣ «ፕላስቲክ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ማንም ይግባኝ አይልም። የሰው አገር መጥቶ ሳህን ሲያጥብ፣ ካርቶን ሲሸከም ኖሮ ኖሮ፣ ሥራ አገናኙ ቢሮ አንድ ቀን «ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ይፈለጋል፣ የትምህርት ወረቀት አይጠየቅም» አለው። ፈተና ገባ። ሁለት መቶ ፎቶ አቀረቡለት፣ መቶ ሰማንያ ስድስቱን መለሰ፤ ዩኒቨርሲቲ የበጠሱት ከኋላው ቀሩ። ሥራው የባሕር ወለል ፎቶ እያዩ ምን እንዳለበት መጻፍ ነው። መርከቡ ካሜራውን በገመድ አውርዶ ወለሉን ሲያነሳ ይውላል፣ ማታ ፎቶው ይመጣል፣ ሳይነጋ ዝርዝሩ ተመልሶ መሄድ አለበት፤ ለዚህ ነው ሌሊት የሚሠራው። ሁለቱ ቀያይ ነጥቦች የመለኪያ መብራቶች ናቸው፤ በመካከላቸው አሥር ሳንቲ ሜትር፤ በዚያ ነው የሁሉም መጠን የሚታወቀው። ለአንድ ፎቶ አርባ ሰከንድ ይሰጠዋል።

ሃይድሮይድ የሚባል አለ። አይቶ ሣር ነው ብሎ የማያልፈው የለም፤ የዶሮ ላባ የሚያህል፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ፣ ውሃው ሲገፋው እሺ እያለ የሚያጎነብስ። እንስሳ ነው ግን። ቅርንጫፎቹ ላይ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ አፎች ደርድሯል፤ ሲደነግጥ አፎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ ደረቅ ጭራሮ ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ያለውን ሲያይ «የሞተ» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ዶክተሯ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ጠርታ «ዝም ያለ ሁሉ ሞተ ማለት ነው እንዴ?» አለችው። ሳቀ ያኔ። ምን ያስቅ ነበር? አሁን ጣሪያውን እያየ ምን እንዳሳቀው ይፈልጋል፤ አያገኘውም።

የዛሬ ሳምንት ነው። እንዲህ እንደ ሁልጊዜው ፎቶ ላይ አቀርቅሯል፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እህቱ ናት። ድምፅ ልካለች፤ አንድ ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማል፤ «ዓይናማው፣ እንዳትደነግጥ። ዘመድ የሌላቸው ሰዎች መጠለያ የምትሠራ ጓደኛዬ አንድ ሰውዬ አለ ትላለች። አይናገርም። ስሙን ሲጠይቁት ዝም። ግን ቅንድቡ የተሰነጠቀ ነው። ወንድም ጋሼ ቅንድቡ የተሰነጠቀ ነው አይደል እማዬ የምትለው? እኔ አላስታውስም፤ ሲሄድ ስምንት ዓመቴ ነበር። እዚያ ደግሞ ዘመድ መሆናችሁን ሳታረጋግጡ አትገቡም አሉን፤ ዘበኛው ፎቶ ልኮልኛል። እማዬ እንደሆነች ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ ስልኩን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ አየችና ‹ዓይናማው ይይልኝ› አለች። እስከ ሐሙስ መልስ ይፈልጋሉ።»

ወንድም ጋሼ። ታላቃቸው። ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት። ሌላ ከተማ ሥራ አለ ተብሎ «ሳምንት አይቼው እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ ቦርሳውን እንኳ አልሞላውም፤ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ፎጣ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። ዓይናማው በደወለ ቁጥር እናቱ የጤናውን፣ የሥራውን፣ የብርዱን ትጠይቅና ሊዘጋ ሲል «ወሬ የለም?» ትላለች፤ የማን ወሬ እንደሆነ አትናገርም። ውጭ አገር የጠፋ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት አንድ ትልቅ አዳራሽ ይመስላታል፤ ልጇም እዚያ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን የሚቆጥር። ከዚያች ጥያቄ ሽሽት ነበር መደወሉን ከሳምንት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ወር ያስረዘመው። «ኔትወርክ አስቸገረኝ እማዬ።» ኔትወርኩ ምን በወጣው።

ፎቶውን ከፈተው። ፂሙ የተንጨባረረ፣ ጉንጩ የሟሸሸ፣ ዓይኑ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ወዲያ የሚያይ ሰውዬ። በሁለት ጣቱ ቅንድቡን አሰፋው። ተሰንጥቋል።  ግን በየት በኩል? ያን ቅንድብ የሰነጠቀው እኮ ራሱ ዓይናማው ነው! ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በብስክሌት ሰንሰለት ሲያስፈራራ ከእጁ አመለጠው፤ ደሙ ሲንፎለፎል እሱ እሪ ሲል ወንድም ጋሼ በእጁ አፉን አፈነው። «ዝም በል አንተ፤ ወድቄ ነው እላለሁ።» እስከ ዛሬ እናታቸው ወድቆ ነው የሚመስላት። ቀኙ ነበር። እሱን ማን ሊያስተምረው ነው? ቀኙ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ግን ግራው ነው። ሰው አገር ይለውጣል፣ መልክ ይለውጣል፤ ጠባሳ ከቀኝ ወደ ግራ ቤት አይለቅም። ጻፈላት፤ «አይደለም። የሱ በቀኝ ነው፣ የዚህ በግራ።» ወደ ጭቃውና ወደ ጠጠሩ ተመለሰ። አርባ ሰከንድ አልሞላም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱም ጠባሳውን ይዞ ፊቱን ሳያይ ቀረ። ለምን አላየም? ይህ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ «አይደለም» ብሎ ሲልክ ከደረቱ ላይ አንድ ኩንታል ወርዶለታል። ቢሆንስ ኖሮ? ቢሆን የማይናገር ሰው ማን ያጥበዋል፣ ማን ያጎርሰዋል፣ ማን ያስታምመዋል? እህቱ ፋርማሲ ውስጥ ቆማ ትውላለች፤ እናቱ ራሷ መሪ ትፈልጋለች፤ የቀረው ማነው? የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያላለቀለት፣ አንዴ ከወጣ ተመልሶ የማይገባ፣ እሱ። ጠባሳው ግራ ላይ መሆኑ እንዴት ያለ ውለታ ነበር! የሌላ ሰው ፎቶ ቢሆን፣ ያው ቅንድብ፣ ያው ስንጥቅ፣ በተቃራኒው በኩል ሲያይ «ቆይ፣ ይሄማ ግጥምጥሞሽ አይደለም» ባለ ነበር። ይጠረጥር ነበር። መጠርጠር እኮ ሥራው ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ ዛጎሎቹ መጡ። ሸርጣን አለ፣ የራሱ ቤት የሌለው፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ዛጎል ፈልጎ ይገባና ተሸክሞት ይዞራል፤ እሱና አጠገቡ የሚሠራው ፂማሙ «ተከራዩ» ይሉታል። በዛጎሉ ላይ ደግሞ ሃይድሮይድ ይበቅልበታል፤ እንደ ድመት ፀጉር የለሰለሰ፣ ተከራይ ላይ የተከራየ። እነዚህን ሲቆጥር ነው ያስተዋለው፤ ዛጎሎቹ የሚዞሩት ወደ ግራ ነው። የዛጎል ወግ ወደ ቀኝ መዞር ነው፤ ወደ ግራ የሚዞር በስንት አንዴ ነው የሚገኘው። አንድ አገኘ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሠላሳ አንድ። ሁሉንም «ብርቅዬ» ብሎ በቀይ ምልክት አደረገባቸው። ደስ ብሎት ነጋለት፤ ከዚያ ሁሉ ሌሊት ደስ ብሎት የነጋለት ያ አንዱ ነው።

ዶክተሯ ፀጉሯ ሳይደርቅ ገባች። ዝርዝሩን አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች።

«የሌሊቱ ሰው፣ ስምህ ሊጠራ ነው» አለች።

«ምነው ዶክተር?»

«በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ ግራ የዞረ ዛጎል ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አንተ በአንድ ሌሊት ሠላሳ አንድ!»

«ባሕሩ ጠጥቶ ነው» አለ ፂማሙ ጃኬቱን እየለበሰ።

«ተቀመጥ» አለችው። ወንበሯን ሳበች። «አንድ ዛጎል ወደ ግራ ከዞረ ዛጎሉን ጠርጥር። ሁሉም ከዞሩ ፎቶውን ጠርጥር። ካሜራው ላይ ያለው ሰው ሲያስተላልፍ ገልብጦታል፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ፣ እንደ መስታወት። እንስሳቱ ምንም አልሆኑም።» አንድ ቁልፍ ተጫነች። ሠላሳ አንዱም ዛጎል ዘወር ብለው እንደ ወጋቸው ሆኑ።

እሱ ቁልፉን ያያል። አንድ ቁልፍ።

«ምነው ገረጣህ፣ ከደሞዝህ አይቆረጥም እኮ» አለው ፂማሙ። ትከሻውን መታ አደረገው። እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አያውቅም።

ይነሳል። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ማሽኑ ፎቅ ላይ ጸጥ ብሏል። ይደውላል።

«ሃሎ? ዓይናማው? በዚህ ሰዓት? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። ያን ፎቶ እንዴት አድርጎ ነው ያነሳው?»

«የቱን?»

«የቱ ይሆናል፤ የሰውዬውን።»

ከኋላዋ የመድኃኒት ካርቶን ሲቀደድ ይሰማል። «ፎቶ እንዴት ተደርጎ ይነሳል? በስልኩ ነዋ ዘበኛው።»

«ራሱም ገብቶበታል?»

«ገብቷል እንጂ! እንደ ሚዜ አቅፎት፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ። አስጠልቶኝ ቆርጬ አወጣሁት፤ እማዬ ይሄኛው ደግሞ ማነው እያለች እንዳትደክም ብዬ።»

«ያልተቆረጠው አለሽ?»

«ይኖራል... ቆይ ሰው ቆሞብኛል—»

«በሞቴ እህቴ። አሁን።»

መጣ። ዘበኛው አንድ ክንዱን ወደ ካሜራው ዘርግቷል፤ ራሱን በራሱ ሲያነሳ። ሰደርያው ላይ፣ ደረቱ ጋ፣ «ጥበቃ» የሚል ተጽፏል፤ ግን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው፤ ፊደሎቹ ፊታቸውን አዙረዋል። ልክ አኩርፈው እንደሄዱ ሰዎች። መታጠቢያ ክፍል ገባ፤ ስልኩን መስታወቱ ፊት አቆመው። በመስታወቱ ውስጥ «ጥበቃ» ተስተካክሎ ተነበበ፤ ስንጥቁም ወደ ቀኝ ቅንድብ ሄደ፤ ያ የፎቶው ሰውዬም ቀስ እያለ፣ ከጉንጩ ጀምሮ፣ ከከንፈሩ ጀምሮ፣ ያ «ዝም በል አንተ፤ ወድቄ ነው እላለሁ» ያለው ሰው ሆነ። ጎን ለጎን ቆመዋል መስታወቱ ውስጥ፤ አንደኛው በስልክ፣ አንደኛው በአካል፤ አፍንጫቸው አንድ ነው። አፍንጫውን እንኳ አላየሁም ነበር። አፍንጫውን እንኳ!

«እሱ ነው» አላት። «ወንድም ጋሼ ነው። ደውዪላቸው፣ መጠለያው ጋ አሁኑኑ ደውዪ፣ ተሳስቼ ነው በያቸው።»

እህቱ ምንም አልጠየቀችም፤ ዘጋችው። እሱ ከመታጠቢያው ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ በሩ ይመላለሳል፤ ክፍሏ ከአራት እርምጃ አታልፍም። ትደውልልኛለች፣ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ወረቀቱ ገደል ይግባ፣ አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ ፂሙን እላጨዋለሁ፣ ቢናገር ባይናገር ግድ የለኝም፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሸሸውን ሁሉ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ተሳለ። ስልኩ ጮኸ።

«አስወጥተውታል» አለች።

«እንዴት አስወጥተውታል?»

«ሐሙስ ዕለት። ቦታው ለሌላ ተፈልጎ። ልብስና ዳቦ ሰጥተው በር ከፈቱለት፤ ዛሬ አራተኛ ቀኑ። ዘበኛው ወዴት እንደታጠፈ አላየሁም አለ።»

«የማይናገር ሰው ሜዳ ላይ ይጣላል እንዴ? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

«ዘመድ የለውም ተብሎ ነው።»

«ማነው ዘመድ የለውም ያለ?»

 እህቱ ማንንም ለመውቀስ በማያስብ፣ ሒሳብ በሚነገርበት ድምፅ፣ «አንተ ነሃ» አለችው። «እኔ አንተ ያልከውን ነው ጽፌ የላክሁላቸው፤ በቀኝ በግራ ያልከውን ሁሉ። ፈርመህ እንደላክህ ነው የቆጠሩት።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ለእማዬ ግን አንተ ንገራት። እኔ አልችልም፤ ሰው ቆሞብኛል» አለች፤ ዘጋችው።

እናቱ ቶሎ አነሳችው። ሁልጊዜም ቶሎ ነው የምታነሳው፤ ስልኩ እጇ ላይ ነው የሚውለው።

«ወይ የኔ ልጅ! ቀን አይደለም እንዴ የምትተኛው? አመመህ?»

«አላመመኝም እማዬ። ቁጭ ብለሻል?»

«ቁጭ ብያለሁ።»

ነገራት። ስለ ፎቶው መገልበጥ ነገራት፣ ስለ ዘበኛው ነገራት፣ ሐሙስ እንዳስወጡት ነገራት፣ የብስክሌቱን ሰንሰለት ሳይቀር ነገራት፤ ሳይተነፍስ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ፣ ስለ ዛጎል ሁሉ ነገራት፤ ምን እንደሚላት ራሱም አያውቅም። ሲጨርስ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው።

«እማዬ?»

«አለሁ። እሱ መሆኑንማ አውቄው ነበር።»

«ምን?»

«አውራ ጣቱን በጡጫው ውስጥ ደብቆታል። ሕፃን ሆኖም ሲፈራ እንዲያ ነው የሚያደርግ። እሱን ለማየት ምን ዓይን ያስፈልጋል? ስልኩን አስጠጋሁት፣ ጣቱን አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ለምን ዝም አልሽ እማዬ?»

«አንተ አይደለም አልክ።» ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ምን ነበረበት። «እኔ ዓይኔን ሞራ የያዘኝ አሮጊት። አንተን ደግሞ ይኸንኑ እንድታይ ነው ፈረንጁ ሁሉ የሚከፍልህ። ናፍቆት ነው የሚያሳየኝ ብዬ ተውኩት። ልጄ የሠለጠነበትን ልሽር?»

«አልሠለጠንኩም እኮ። እማዬ፣ እኔ ምንም አልሠለጠንኩም።»

 ኮሽታ ይሰማል። የሳጥን ክዳን፣ የነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ፣ የበር መቀርቀሪያ።

«የት ነሽ?»

«እየወጣሁ ነው።»

«ብቻሽን? እህቴ ትምጣ፣ ቆይ፣ የት ብለሽ ነው የምትፈልጊው?»

«አራት ቀን እኮ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ይቺ አራት ቀን ምንም አይደለች። ከገበያው በር እጀምራለሁ፤ የሚበላ ያጣ ሰው ወደዚያ ነው የሚሄደው። አንተ መልኩ የሚታየውን ክፈትልኝ፤ እኔ ከሩቅ አይለይልኝም። እኔ እይዘዋለሁ፣ አንተ እይልኝ።»

ቪዲዮውን ከፈተ። መጀመሪያ አገጯ፣ ከዚያ ሻሿ፣ ከዚያ ሰማይ ታየው፤ ስልኩን ወደ መንገዱ አዙራ ደረቷ ላይ ያዘችው። ትሄዳለች፤ ምስሉ ከእርምጃዋ ጋር ይናጣል፤ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ አንዱ «እማማ፣ መንገዱን ልቀቁ እንጂ!» ይላል፤ «ይቅርታ ልጄ» ትላለች፤ ትስላለች፤ ትሄዳለች። እሱ አልጋው ላይ ተንበርክኮ ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጧል። ሌሊቱን አልተኛም፣ ቀኑንም አይተኛም፤ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ትቆማለች። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ፤ ጨርቅ ተከናንቧል፤ ፊቱ አይታይም።

«ይሄስ? ይሄ ነው?»

ያያል። ትከሻው ሰፋ ያለ ነው፤ አጭር ነው መሰለኝ፤ ቆዳውም ጠቆር ይላል። አይመስልም። በጭራሽ አይመስልም። ግን ያቺን «አይደለም»፣ ያቺን በአርባ ሰከንድ ውስጥ የላካትን ቃል፣ ከአፉ አያወጣትም።

«ልጄ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም።»

«ነው አይደለም በለኝ እንጂ! ሰዎቹ እያዩኝ ነው።»

«ጠጋ በዪ እማዬ» ይላል። «ትንሽ ጠጋ በዪ።»

ሰውዬው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ፣ ሽማግሌ ነው፣ ጥርስ የለውም፣ «ምን ፈለጉ?» ይላታል። «ይቅርታ አባቴ» ትለዋለች፤ ዳቦዋን ከጉያዋ ቆርሳ ትሰጠዋለች፤ ትቀጥላለች። ከፊቷ መንገዱ ረጅም ነው፤ ወንዶች ይመጣሉ፣ ወንዶች ይሄዳሉ፤ ተሸካሚ፣ ሻጭ፣ ዝም ብሎ የሚቆም፤ ከሁሉም ፊት ትቆማለች፤ ስልኩን ታነሳለች፤ «ይሄስ?» ትላለች፤ እሱም ለሁሉም፣ ለአንዱም ሳያጓድል፣ ድምፁ እስኪሻክር «ጠጋ በዪ» ይላታል።